ለደጋ አገር ኮምፕሬሰር ስለ መምረጥ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ የሚጠየቀው ብዙ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ የሚያስነብብ አለ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ አምጥቶ «ይህ ለምን ይሆናል?» የሚል አለ፤ የተበላሸ ሬዲዮ ከነባትሪው አስታቅፎ «አንተ የተማርህ አይደለህም እንዴ?» የሚልም አይጠፋም። የምንማረው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ መሆኑን ብንናገር የአገራችን ሰው ይህን ልዩነት አይቀበለንም። ተምሯል የተባለ ሁሉን ያውቃል፤ ካላወቀ አልተማረም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው እኛ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጆች በአንዲት ትንሽ መሣሪያ ምክንያት በዚህ ፈተና ወድቀን ስለ ነበር ነው። መሣሪያይቱም ጎማ የምትነፋ ትንሽ ኮምፕሬሰር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከመንዝ ከተሞች በአንዲቱ መንገድ ዳር ጎማ እየለጠፈ የሚኖር ወጣት አለ። ከአንዳንዶቻችን ጋር እስከ ስምንተኛ ክፍል አብሮ ተምሯል፤ አባቱ ሲሞቱ ግን እናቱንና ታናናሾቹን ለመርዳት ትምህርቱን ትቶ ጎሚስታ ሆነ። መሣሪያው አንድ የእጅ መንፊያ ብቻ ነበር። የአንድ ፒክአፕ ጎማ ለመሙላት ራሱና የመኪናው ረዳት እየተቀባበሉ ላባቸው እስኪንጠባጠብ ይደክሙ ነበር። እኛም ይህን አይተን ስለ ነበር፣ በአንድ ዓመት የገና ሰሞን ተሰብስበን ገንዘብ ለማዋጣት ተስማማን። ለሁለት ወር ከሰዓት በኋላ የሚጠጣውን ሻይ የተወ አለ፤ ለጫማ ያስቀመጠውን የሰጠም አለ። ገንዘቡ ሲሞላ ሁለት ሰዎች መርጠን ወደ መርካቶ ላክን።

የተላኩት ሰዎች ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ፣ በራስዋ ባትሪ የምትሠራ፣ መልኳ ያማረ መሣሪያ ይዘው ተመለሱ። በሳጥኗ ላይ በቀይ ቀለም በትልቁ «150 ፒ.ኤስ.አይ.» የሚል ተጽፎባታል። የፒክአፕ ጎማ የሚፈልገው 35 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ስለ ሆነ፣ ከሚፈለገው አራት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል አገኘን ብለን ደስ አለን። ሻጩ አልዋሸንም፤ የነገረን በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ነው። የተሳሳትነው የተጻፈውን ማንበብ እንጂ መረዳት ያልቻልነው እኛ ነን።

መሣሪያይቱ ሁለት ሳምንት አልቆየችም። በአንድ የገበያ ቀን አንዲት የታመመች እናት ወደ ሐኪም ቤት የሚወስድ ፒክአፕ ጎማው ተንፍሶ ከልጁ ደጅ ቆመ። ልጁ ቀዳዳውን ለጠፈና መሣሪያይቱን ሰካ። እስዋም ጮኸች፣ ጋለች፣ ጎማው ግማሽ ሳይሞላ የተቃጠለ ሽታ አውጥታ ጸጥ አለች። ልጁ እኛን አምኖ የድሮ መንፊያውን ሸጦት ስለ ነበር፣ ሌላ መንፊያ ከከተማው ማዶ ተፈልጎ እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን ሴትዮዋ በደኅና ደረሱ። ልጁ ግን በደንበኞቹ ፊት አፈረ። ወደ እኛ የላከው ቃል አጭር ነበር፤ «መንፊያዬን መልሼ ገዛሁት» የሚል ብቻ።

ይህ ቃል ከወቀሳ ሁሉ የከፋ ሆነብን። ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት የሞተችውን መሣሪያ ይዘን ስሕተታችንን ለመፈለግ ተነሣን። በዚያችው ከተማ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አሉ። ዕቃውን ሲያዩ ፈትተው በጣታቸው መካከል አገላበጡትና «ልጆቼ፣ ይህቺ በአንድ ትንፋሿ ስንት ትነፋለች?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን የሚመልስ ጠፋ። «ጋሼ፣ እሱን አላየነውም፤ ያየነው ኃይሏን ነው» አልናቸው። «እኛ ወናፍ ስናሰፋ የምናየው ስልቻው ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚይዝ ነው እንጂ ጩኸቱን አይደለም» አሉን። ከዚያ ወዲያ ከመጻሕፍት ያገኘነው ሁሉ የእኒህን ሰው ቃል የሚያብራራ ሆነ።

ወናፍ ከቆዳ የተሰፋ ስልቻ ነው። ሠራተኛው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ሲያነሣው ነፋስ ይገባል፤ አፉን ገጥሞ ወደ ታች ሲጫነው ነፋሱ በቱቦው በኩል ወደ ፍሙ ይሄዳል። ሁለት ስልቻ ይዞ በየተራ ቢያነሣና ቢጫን ነፋሱ ሳይቋረጥ ይነፋል። ኮምፕሬሰርም ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። በስልቻው ፈንታ ሲሊንደር፣ በክንድ ፈንታ በሞተር የሚገፋ ፒስቶን፣ አፉን በሚከፍቱና በሚዘጉ ጣቶች ፈንታ ሁለት ትንንሽ ቫልቮች አሉት። ፒስቶኑ ወደ ኋላ ሲመለስ አንዱ ቫልቭ ተከፍቶ የውጭ አየር ያስገባል፤ ወደ ፊት ሲሄድ ያ ተዘግቶ ሁለተኛው ይከፈትና የታመቀው አየር ወደ ጎማው ይገባል። ይህ በደቂቃ ውስጥ በብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል።

እንግዲህ የዚህን መሣሪያ ጉልበት የሚገልጹ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሉ። አንደኛው ፒስቶኑ አየሩን እስከ ምን ድረስ አምቆ ሊገፋ እንደሚችል የሚናገር ነው፤ 150 ፒ.ኤስ.አይ. የተባለው ይህ ነው። ሁለተኛው በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚስብ የሚናገር ነው። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት አንድ ኩንታል ለአንድ ጊዜ ብድግ አድርጎ የሚያስቀምጥን ሰው፣ ቀኑን ሙሉ እህል ተሸክሞ ጎተራ ከሚሞላው ሰው ጋር እንደ ማምታታት ነው። ጎማ ጎተራ ነው፤ የሚፈልገው የሚሞላለትን ነው። ከ35 ፒ.ኤስ.አይ. ለማይበልጥ ሥራ 150 የተባለው ቁጥር ምንም አይጨምርም። በሳጥኑ ጀርባ በደቂቁ ፊደል የተጻፈው የሊትር ቁጥር ግን ሁሉን ይወስናል። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ቱቦው ክፍት ሆኖ፣ መሣሪያው ምንም ሳይከብደው ስለ ሆነ፣ ጎማው እየሞላ ሲሄድ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ቆላ የሚኖር ሰው ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል። ለእኛ ለደገኞች ግን ሌላ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም የአገራችን አየር ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1648 ዓ.ም. ብሌዝ ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ የእኅቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን ባዝቃ የተሞላ የመስተዋት ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም ወደ ተባለው ተራራ እንዲወጣ አደረገው። ሰውየው ባዝቃውን በተራራው ሥር ካለው ከተማ ከለካው በኋላ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቢለካው ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ አገኘው። ባዝቃውን ወደ ላይ ደግፎ የያዘው በላያችን ያለው የአየር ክብደት መሆኑና ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይህ ክብደት የሚቀንስ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ያ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,465 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ይጀምርና ወደ 3,700 ሜትር ይወጣል። ፓስካልን ያስደነቀው ተራራ ቢመጣ ከእኛ ሜዳ እግር ሥር ይቀር ነበር ማለት ነው።

በመሐል ሜዳ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአሥር ሰባት እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህን በቁና እናስረዳ። ኮምፕሬሰሩ በየትንፋሹ አንድ ቁና ይሰፍራል እንበል። በምፅዋ ቁናው ሙሉ ሆኖ ይሰፈራል፤ በመንዝ ቁናው ያው ቁና ሆኖ ሳለ የሚገባበት እህል ግን ጎደሎ ነው። ጎተራው የሚፈልገው እህል ስላልቀነሰ የስፍሩ ቁጥር መጨመር አለበት።

በቁጥር ሲታይ እንደሚከተለው ነው። የአንድ ፒክአፕ ጎማ ሆድ 60 ሊትር ነው ብንል፣ ከባዶ ተነሥቶ እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ለመሙላት በባሕር ጠረፍ 140 ሊትር ያህል የአካባቢውን አየር መሳብ ይበቃል። በመሐል ሜዳ ግን 205 ሊትር ያህል መሳብ ያስፈልጋል። በደቂቃ 30 ሊትር የሚስብ ደኅና መሣሪያ ታች አገር ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚጨርሰውን እኛ ዘንድ 7 ደቂቃ ይፈጅበታል። እኛ የገዛናት የመዳፍ መሣሪያ በደቂቃ የምትስበው 12 ሊትር ነበር። 205ን ለ12 ብናካፍለው 17 ደቂቃ ሆነ። ከሳጥኑ ጋር የመጣው ወረቀት ግን ከ10 ደቂቃ በላይ አታሠሩ ይላል። እንግዲህ ያቺ መሣሪያ ገና ሳትገዛ፣ በእኛ ከተማ አንዲት የፒክአፕ ጎማ እንኳ ሳታርፍ እንደማትሞላ በወረቀት ላይ ሊታወቅ ይችል ነበር። የሚያስፈልገው የሦስተኛ ክፍል ማካፈል ብቻ ነበር።

ሙቀትም አለ። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ በእጅ መንፊያ የሠራ ሁሉ ጫፉ ሲግል ያውቃል። ከሣሣ አየር ተነሥቶ ያንኑ 35 ለማድረስ አየሩ ይበልጥ መታመቅ ስላለበት ሙቀቱ ይበረታል። ጎማውን በባሕር ጠረፍ ለመሙላት አየሩ በመጨረሻ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ይታመቃል፤ በመሐል ሜዳ አራት እጥፍ ተኩል ይደርሳል። መሣሪያውን የሚያቀዘቅዘውም ያው የሣሣ አየር ስለ ሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድለትም። የአገራችን ብርድ በመጠኑ ቢረዳም ሁሉን አያካክስም።

ከዚህ በላይ በተነገረው መሠረት ኮምፕሬሰር የሚገዛ ሰው የሚከተሉትን ነገሮች እንዲመለከት እንመክራለን።

አንደኛ፣ ለምን ዓይነት ጎማ እንደሚገዛ ይወስን። ለሞተር ብስክሌትና ለባጃጅ ጎማ ትንሽ አየር ስለሚበቃ የመዳፏ መሣሪያ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ትሞላዋለች፤ ለዚህ ሥራ እስዋን መናቅ አይገባም። ለፒክአፕና ለሚኒባስ ግን በደቂቃ ከ30 ሊትር ያላነሰ የሚስብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የዕረፍቱን ልክ ይጠይቅ። መሣሪያው ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ እንደሚያርፍ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል። 15 ሠርቶ 15 የሚያርፍ መሣሪያ አራት የፒክአፕ ጎማ በተከታታይ ሊሞላ አይችልም። በደጋ አገር የተጻፈውን የሥራ ጊዜ አሳንሶ መያዝ ብልኅነት ነው።

ሦስተኛ፣ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ ይመልከት። በመኪና የሲጋራ ማቀጣጠያ የሚሰካው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ብቻ ስለሚፈቀድለት ከ180 ዋት አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ቢስብ ፊውዙ ይቃጠላል። በመቆንጠጫ በቀጥታ ከባትሪው የሚያያዘው የበለጠ ኃይል ያገኛል፤ ነገር ግን ባትሪው እንዳያልቅ የመኪናው ሞተር መነሣት አለበት። በራሱ ባትሪ የሚሠራው ለመያዝ ቢመችም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪው ይደክማልና ከጋቢ ሥር ማሳደር ይገባል። የኤሌክትሪክ መስመር የሚፈልገው፣ በርሜል ያለው ትልቁ ኮምፕሬሰር ለጋራዥ ከሁሉ ይበልጣል፤ መብራት ሲጠፋ ግን እንቅልፍ ነው። በቤንዚን የሚሠራውም ራሱ ሞተሩ አየር የሚተነፍስ ስለ ሆነ ጉልበቱ በደጋ ይቀንሳል።

አራተኛ፣ ሲሊንደሩ ብረት መሆኑን፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ የአቧራ ማጣሪያ ያለው መሆኑን፣ ቱቦውና ፊውዙ ሲበላሹ ሊለወጡ መቻላቸውን ይመርምር። የመንዝ የበጋ አቧራ ቫልቭ ሥር ከገባ መሣሪያው እየጮኸ የማይነፋ ይሆናል።

አምስተኛ፣ መለኪያውን አይመን። መሣሪያው እየሠራ ሳለ የሚታየው ቁጥር በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ከእውነተኛው ይበልጣል። አቁሞ ማንበብ፣ በሌላ መለኪያም ማመሳከር ያስፈልጋል።

ስድስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ከመግዛት በፊት መፈተን ነው። ባዶ ጎማ ይዞ ወደ ሱቁ መሄድና እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ በሰዓት መቁጠር ነው። አዲስ አበባ ራስዋ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስላለች ፈተናው የሳጥኑን ግማሽ ውሸት እዚያው ያጋልጠዋል። በአዲስ አበባ በተቆጠረው ደቂቃ ላይ አንድ አሥረኛ ብንጨምር የመሐል ሜዳን እናገኛለን። በሳጥኑ የሊትር ቁጥር ብቻ ብናሰላ ግን ግማሽ ያህል መጨመር አለብን።

ከመርሐ ቤቴ የመጡ ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ አንሥተው ነበር። በብርዳማው መንዝ የተሞላ ጎማ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ምን ይሆናል? ይፈነዳ ይሆን? ብለው። መልሱ የሚያስደስት ነው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ3,100 ሜትር ወደ 1,400 ሜትር ቢወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ሁለት ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ዝቅ ይላል። ሸለቆው ግን ይሞቃል፤ የአየሩ ሙቀት በ15 ዲግሪ ቢጨምር በጎማው ውስጥ ያለው አየር ተስፋፍቶ ሁለት ያህል ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ ዝቅታው የወሰደውን ሙቀቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሹፌሩ በመኪናው በር ላይ የተጻፈውን ልክ ጠብቆ ጠዋት ጎማው ሳይግል ይሙላ፤ ለቁልቁለቱ ብሎ አያጉድል። ይልቁንስ በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ላይ ተኝቶ ጎማና ቸርኬ ከማጋል ይጠንቀቅ።

የአይሱዙን ነገር ሳንናገር አናልፍም። የጭነት መኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ70 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ይፈልጋል፤ ሆዱም ሰፊ ነው። ይህ የትንሽ መሣሪያ ሥራ አይደለም። ቸርኬው የብረት ቀለበት ያለው እንደ ሆነ ደግሞ፣ ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ቢሞላ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የሚሞላው ሰው ከጎማው ፊት አይቁም፤ ረጅም ቱቦ ይጠቀም፤ ልጆች ቆመው እንዳያዩ ያርቅ።

በሁለተኛው ጊዜ ገንዘብ ስናዋጣ ከፊተኛው ይልቅ ከበደን። «አሁንም ልትጥሉት ነው?» ያለን ሰው ነበር፤ ልንቆጣው አልቻልንም። በዚህ ጊዜ ወደ መርካቶ የሄዱት ሰዎች ያረጀ የፒክአፕ ጎማ ከነቸርኬው ተሸክመው ነው የገቡት። በሱቁ የነበሩት ሳቁ። በሁለት ሱቅ አናስፈትንም አሉን። በሦስተኛው ባለቤቱ እሺ ብሎ ከባትሪ አያያዘልን፤ ሰዓት ይዘን ቆጠርን። በሳጥኑ ላይ በደቂቃ 35 ሊትር ተብሎ የተጻፈበት፣ የብረት ሲሊንደር ያለው፣ በመቆንጠጫ የሚሠራ መሣሪያ ጎማውን በ7 ደቂቃ ሞላው። ለመንዝ አንድ አሥረኛ ጨምረን 8 ደቂቃ ነው ብለን ጻፍን። ለጎሚስታው ልጅ ስናስረክበው ከነቁጥሩ ነገርነው፤ የእጅ መንፊያውንም በምንም ምክንያት እንዳይሸጥ ለመንነው።

እሱ ግን እኛን በቃላችን ብቻ አላመነንም። በመጀመሪያው ፒክአፕ ላይ የእጅ ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን ያዘ። ስምንት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው 35 ሆነ። ቀና ብሎ አየንና «አሁን ተምራችኋል» አለን።